የሞተውም ይጻፋል

ዛሬ እራት ጠረጴዛችን ላይ ጦርነት ነበር። መነሻው ዳቦ ነው። የሚበላው ሳይሆን ፍየሉ። (የድሮ ተከታዮቼ ታውቁታላችሁ። በሐምሌ መሞቱን ስጽፍ «እኛን ሳትጠሩ?» ብላችሁ ኮሜንት ያጥለቀለቃችሁ አረመኔዎች፣ አልረሳኋችሁም።)

ልጄ የፎር ኤች (እዚህ አሜሪካ ልጆች እየሠሩ የሚማሩበት ክበብ ነው) ሪከርድ ቡኳን ነገ ታስረክባለች። ዓመቱን ሙሉ ያቀደችው፣ የገዛችው፣ ያበላችው፣ ያከመችው፣ የሸጠችው ሁሉ ከነፎቶው አንድ ባይንደር ውስጥ ገብቶ ዳኞች ፊት ይቀርባል። ጠረጴዛው በመኖ ደረሰኝ ተሸፍኗል፤ እራቱን ጭናችን ላይ ይዘን ነው የበላነው። ቡና ልጠጣ ብሎ የመጣው አጎቷ፣ ያው ታናሽ ወንድሜ፣ የሰው ሲቪ በማሳመር ግማሽ ሲልቨር ስፕሪንግን ሥራ ያስገባው ሰውዬ፣ ገጾቹን ሲያገላብጥ ዳቦ ላይ ደረሰና ቆመ።

«ይሄ እዚህ ምን ይሠራል? አውጪው። ሌላው ፍየልሽ፣ ማንጎ፣ ይበቃል። ወፍሯል፣ ጌተርስበርግ ፌር ላይ ጨረታ ወጥቶ ተሸጧል፣ ትርፍም አለው። የሞተ ፍየል ይዞ ዳኛ ፊት የሚቀርብ ማነው? ሲቪ ላይ የተባረርሽበት ሥራ ይጻፋል?»

ልጅቷ ቀና እንኳ አላለችም። «ጋሼ፣ ሁለት ገዝቼ አንድ ከሸጥኩ፣ ሌላውን ምን አደረግኩት ልበል? በላሁት?»

ወንድሜ ዝም ያለበት ቀን ስለሆነ ይመዝገብልኝ።

የዳቦን ገጽ እኔም ዛሬ ነው ተረጋግቼ ያየሁት። ፍየል ላሳደገ ሰው የዚህ አገር ክረምት (የነሱን «ሰመር» ማለቴ ነው) ሙቀቱና እርጥበቱ ለትል ድግስ ነው። ጨጓራ ውስጥ ገብቶ ደም የሚመጥ ትል አለ። እንስሳው ሳይከሳ፣ ሳያስቀምጠው፣ ደሙ ብቻ ያልቃል። ስለዚህ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልበጥ አድርገው የውስጡን ቀለም ፋማቻ ከሚባል ካርድ ጋር ያስተያዩታል። ቀይ ከሆነ 1 ነው፤ ወረቀት መስሎ ከነጣ 5። ልጄ በእርሳስ፣ በዚያ ጠማማ ጽሕፈቷ፣ የዳቦን ቁጥር ደርድራዋለች፦ 2፣ 2፣ 3። ከዚያ ሁለት ባዶ መስመር። ከዚያ 5። ባዶው ጎን እንዲህ ጽፋለች፦ «እዚህ ሁለት ሳምንት አላየሁትም። የትምህርት ቤት ፈተና ነበረብኝ። 3 ሲሆን ቶሎ ቶሎ ማየት ነበረብኝ።» ከሥሩ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠንና ቀን አለ። ከዚያ «ሞተ»። ቀጥሎ ያለው የማንጎ ገጽ ነው፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ የማንጎ ዓይን በየሳምንቱ፣ አንድም ሳይዘለል ታይቷል።

ወንድሜ አውጪው ያላት ገጽ ይህቺ ናት።

ማንጎማ አያሳስብም። 52 ፓውንድ ሆኖ ገብቶ በ120 ቀን 88 ወጣ፤ በቀን 0.3 ፓውንድ መሆኑ ነው። ራሷ አካፍላ ነው ያወጣችው። መድኃኒት የወሰደበትም ቀን አለ፤ ምክንያቱም መድኃኒት የተሰጠው እንስሳ የተወሰነ ቀን ሳይቆይ ሥጋው አይበላም፣ ማንጎ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የሰው ራት ሆኗል። እዚህ ላይ ቀን መደበቅ ቀልድ አይደለም።

ነገሩ ከጥንቱም እንዲህ ነው፤ የሆነው ሁሉ ይጻፋል። የፎር ኤች ሥሩ የልጆች የበቆሎ ክበብ ነው። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች አዲስ አሠራር ይዘው ሲመጡ ሽማግሌው ገበሬ «እኔን በቆሎ ልታስተምር?» ብሎ ሲያባርራቸው ወደ ልጆቹ ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1910 ጄሪ ሙር የሚባል የደቡብ ካሮላይና ልጅ ከአንድ ኤከር ከ228 ቡሽል በላይ አመረተ። ተራው ገበሬ የዚያን ሩብ እንኳ አያገኝም ነበር። ምርቱ ተለክቶ ባይጻፍ ማን ያምነው ነበር?

እኔ ግን ይሄን ሁሉ እያየሁ ሐሳቤ የሄደው አገር ቤት፣ ልጅ ሆኜ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ነው። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ነበረን። ሰኔ ላይ ችግኝ እንተክላለን። ከዚያ አንዱ ሰልፍ ላይ፣ ሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆሞ ሪፖርት ያነባል፦ «500 ችግኝ ተተክሎ 500ውም ጸድቋል።» ጭብጨባ። የሰፈሩ ፍየሎች ጥቅምት ሳይገባ ጨርሰውታል እኮ! የሚያነበውም ያውቃል፣ የሚያጨበጭበውም ያውቃል፣ ፍየሎቹም ያውቃሉ። በዓመቱ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ፣ ቆፍረን እንኳ ሳይሆን አፈሩን ጠርገን፣ ሌላ 500 እንተክላለን። የጽድቀት መጠን መቶ በመቶ፣ ግቢው ራሰ በራ። አንድ ልጅ ተነስቶ «ዘንድሮስ እናጥረው?» እንዳይል፣ መዝገቡ ላይ የተበላ ችግኝ የለም። ያልተበላ ነገር ደግሞ አይታጠርም።

ይሄን ሳስብ ደሜ ይፈላል። የዓለማያን እርሻ ኮሌጅ ከእኛ ጋር ያቋቋሙት የኦክላሆማ ሰዎች በ1950ዎቹ (በነሱ አቆጣጠር) ያን ሁሉ ነገር ይዘው ሲመጡ ይቺን የልጄን ዓይነት የመዝገብ ደብተር አውሮፕላን ማረፊያ ረስተዋት ነው? ወይስ እኛ ተቀብለን «ችግር» የሚለውን ዓምድ ብቻ ቀደድነው? ሁለተኛው ይመስለኛል።

ወደ ጠረጴዛው ልመለስ። ወንድሜ በመጨረሻ ተሸንፎ፣ «እሺ፣ ስንተኛ ትወጣለች?» አለ። እዚህ ግን ስንተኛ የለም። ዴኒሽ ሲስተም የሚሉት ነገር ነው፤ ልጅ ከልጅ አይወዳደርም፣ ሥራው ከመስፈርቱ ጋር ይተያያል። መስፈርቱን በደንብ ያሟላ ሁሉ ሰማያዊ ሪባን ያገኛል፤ ከሱ ያነሰው ቀይ፣ ገና የሚቀረው ነጭ። አሥር ልጅ ቢያሟላ አሥሩም ሰማያዊ ነው። ወንድሜ ይሄን ሲሰማ ዳቦ ከሞተበት ቀን የበለጠ አዘነ። ከ72 ተማሪ 3ኛ ወጥቶ «ሁለቱ ምን ቢበሉ ነው?» ተብሎ ላደገ ሰው አይፈረድበትም።

ገጹን አላወጣችውም። እኔም እጄን አላስገባሁም፤ የፊደል ስህተቷን እንኳ አልነካሁም። እናቶችና አባቶች፣ እናንተም አትንኩ፤ ዳኞቹ በልጅ እጅ የተጻፈና በእናት እጅ የተጻፈ የሚለዩ ሰዎች ናቸው። የዳቦ ፎቶ ብቻ ገና አልተለጠፈም። ሙጫችን አልቋል፣ ሰዓቱም መሽቷል። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ሙጫ ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ያሳውቀኝ፤ ወንድሜን እልከዋለሁ።