ብዕር የሚቆምበት ቦታ

አለቃ ዘነብ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት በአማርኛ ነው። የነገሥታት ዜና መዋዕል በግዕዝ ይጻፍ በነበረበት ዘመን፣ የንጉሥን ነገር በገበያና በጦር ሰፈር በሚነገር ቋንቋ ማስፈር ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ጽሑፉን ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን በ1902 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል።

ትረካው ግን መቅደላ አይደርስም። ዘነብ የሚያሳዩን እየወጣ ያለውን ካሳን፣ ድል የሚነሳውን ቴዎድሮስን ነው፤ የ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ ከገጾቹ ውጭ ነው። ፍጻሜውን የሚፈልግ አንባቢ ወደ አለቃ ወልደ ማርያም ይሻገራል። እዚያ የሚጠብቀው ቁጣው የጠና ሌላ ንጉሥ ነው።

በራጅፑታናም እንዲሁ ሆኗል። የቡንዲ ቤተ መንግሥት ባለቅኔ ሱርያማል ሚሽራን «ቫንሽ ባስካር» የተባለውን ግዙፍ የግጥም ታሪክ ሳይጨርስ ተወው፤ የፈጸመው የማደጎ ልጁ ነው። ሱርያማል የሞተው ቴዎድሮስ በሞቱበት በ1868 እ.ኤ.አ. ነበር።

የቤተ መንግሥት ጸሐፊ እንጀራውን የሚበላው ከሚጽፍለት ሰው እጅ ነው። ስለዚህ የሚጽፈው ብቻ ሳይሆን የሚያቆምበት ቦታም ይነበባል።

ዛሬ ንጉሥ የለም፤ ጸሐፊ ግን አለ። በዴንቨርና በአውሮራ የሚኖር ኢትዮጵያዊ እድር ሲያቋቁም መጀመሪያ ከሚመርጣቸው ሰዎች አንዱ ጸሐፊ ነው። በአውሮራ ያለ አንድ እድር በአገር ቤቱ ጦርነት ሰበብ ለሁለት ሲሰነጠቅ፣ ሽማግሌው ጸሐፊውን ለብቻው ጠሩት።

«ተው ልጄ፣ ይሄ ይለፍ። ነገ ልጆቻችን ያነቡታል።»

«ጋሼ፣ የሚያነቡት እኮ ለዚህ ነው» አለ ጸሐፊው።

እምቢ ለማለት ግን አቅም አልነበረውም። አባቱ ሲሞቱ ድንኳኑን የተከሉለት፣ ሦስቱን ቀን አብረውት ያነጉት እኒያው ሽማግሌ ናቸው። ስለዚህ አልዋሸም፣ አልጻፈምም፤ በቃለ ጉባኤው ደብተር ላይ ሁለት ገጽ ባዶ ትቶ ወደሚቀጥለው ወር አለፈ።

የገንዘብ ያዧ መዝገብ ግን ለማንም አላደላም። በዚያ ወር መዋጮ ያቋረጡት ሰዎች ስም በተራ ሰፍሯል፤ ከስማቸው ትይዩ ያለው ረድፍ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ባዶ ነው።

ዘነብን ያለ ወልደ ማርያም ያነበበ የንጉሡን ግማሽ ነው የሚያውቀው። የዚያ እድር ልጆችም አድገው አማርኛ ማንበብ ከቻሉ፣ ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን መዘርጋት ይኖርባቸዋል።