የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት በሣጥንና በክብ

ዛሬ ሸዋ ሮቢት አንዲት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ «ኮንሴፕችዋል ግራፍ» የሚባለውን የዓረፍተ ነገርን ሐሳብ በሥዕል የማሳያ ዘዴ ፍቺ ስትሸመድድ ዋለች። በቃሏ አንድም ሳትስት ትወጣዋለች። «እስቲ ሣዪው» ስትባል ግን እስክሪብቶዋ ቆመ።

ነገሩ ከደጇ የራቀ አልነበረም። «ነጋዴው ሽንኩርቱን ከሸዋ ሮቢት ወደ አዲስ አበባ በአይሱዙ ላከ» እንበል። መላክ፣ ነጋዴ፣ ሽንኩርት፣ ሸዋ ሮቢት፣ አዲስ አበባ፣ አይሱዙ፤ ሁሉም በየሣጥናቸው ይገባሉ። ዝምድናቸው በክብ ይጻፋል፦ ማን? ምን? ከየት? ወዴት? በምን? «መላክ» መሀል ይቀመጥና በአምስቱ ክቦች በኩል ከሌሎቹ ጋር በቀስት ይያያዛል።

ስሙ የታወቀ ነገር ስሙ ይጻፍለታል፤ «ከተማ፦ ሸዋ ሮቢት» ተብሎ። ነጋዴው ስሙ ስላልተነገረ ሣጥኑ «ነጋዴ» ብቻ ይላል፤ አንድ ነጋዴ አለ ማለት ነው።

ዘዴውን ያመጣው አሜሪካዊው ጆን ሶዋ ነው፤ አይቢኤም ሲሠራ በ1976 እ.ኤ.አ. ጽሑፉን፣ በ1984 ደግሞ መጽሐፉን አወጣ። መነሻው ፈላስፋው ቻርልስ ፐርስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የጀመራቸው የሎጂክ ሥዕሎች ናቸው።

«ሽንኩርቱን ነጋዴው በአይሱዙ ከሸዋ ሮቢት ወደ አዲስ አበባ ላከው» ብትሉም ሥዕሉ ያው ነው። ቃሉ ቦታ ይለዋወጣል፣ ሐሳቡ ግን አይነቃነቅም።

ይህን ደግሞ የዚሁ የይፋት አካባቢ ልጅ ከማንም በላይ ያውቀዋል! እሑድ በሰንበቴ ከተማ ገበያ በአማርኛ የተጀመረ ክርክር በኦሮምኛ ያልቃል፤ ዕቃውም ዋጋውም አይለወጥም። ሐሳብና ቃል የተለያዩ መሆናቸውን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የተማረ ልጅ፣ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ሁሉ ነገር እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ያልገባውን ዓረፍተ ነገር ይሸመድዳል፣ ፈተናውም እሱኑ መልሶ ይጠይቀዋል። ጎበዝ የሚባለውም ሳያዛንፍ የደገመው ነው። ያሳዝናል፤ ያናድዳልም።

ሥዕሉ ላይ እኮ ገና ብዙ አለ። ሽንኩርት የአትክልት ዓይነት መሆኑ ለኮምፒውተሩ ይነገረው። «ከሸዋ ሮቢት አትክልት ተልኳል?» ሲባል «አዎ» ይላል፤ «አትክልት» የሚል ቃል ግን ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። ማሽን ከተነገረው ያልተነገረውን የሚያወጣው እንዲህ ነው። ይህን አንዴ በእጁ የሣለ ልጅ ፍቺውን በራሱ አፍ ይናገረዋል።

መምህራን፣ ፍቺውን ሰሌዳ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ልጆቹን አንድ ዓረፍተ ነገር አሥሏቸው። ፈተናም ስታወጡ ሥዕሉን ጠይቋቸው።