የወለቀው ጫማ

የመጻሕፍት ሣጥን ካነሣሁበት ቀን ጀምሮ ከወገቤ ተነሥቶ በጭኔ በኩል እስከ እግሬ አውራ ጣት የሚወርድ፥ እሳት የመሰለ ሕመም ያዘኝ። በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ማስተማር ቀርቶ፥ ተቀምጦ የተማሪ ደብተር ማረም እንኳ ተሳነኝ። እናቴ ወጌሻ አስጠርታ በቅቤ አሳሸችኝ፤ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም።

ሐኪሙ በኤም አር አይ የተነሣውን ምስል ዘርግተው፥ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አከርካሪ መካከል ያለው ዲስክ ተሰንጥቆ፥ ውስጡ ያለው ለስላሳ ነገር ወጥቶ ነርቩን እንደ ተጫነው አሳዩኝ። እኔም «እንግዲያውስ ዛሬውኑ ቀደው ይገላግሉኝ፤ አጥንቱንም በብሎን አጥብቀው ይሰሩልኝ» አልኋቸው። እርሳቸው ግን ፈገግ ብለው፥ «ብሎን የሚያስፈልገው አከርካሪው ከቦታው ሲንሸራተት ወይም ሲናጋ ነው፤ የእርስዎ ጸንቶ ቆሟል። ቀዶ ጥገናውም ቢሆን የእግርዎን ሕመም ሊያስታግሥ ይችላል እንጂ ለወገብዎ ዋስ አይሆንም» አሉኝ።

ሚክስተርና ባር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች የወጣ ዲስክ የእግር ሕመም እንደሚያመጣና በኦፕራሲዮን እንደሚታከም እ.ኤ.አ. በ1934 ከጻፉ ወዲህ ብዙ ወገብ ተቀዷል። ዳሩ ግን ዌበር የተባሉ የኖርዌይ ሐኪም 126 በሽተኞችን በዕጣ ከሁለት ከፍለው ተከታትለው በ1983 እንደ ገለጹት፥ በመጀመሪያው ዓመት የተቀደዱት ይበልጥ ተሽሏቸው ሳለ፥ በአራተኛው ዓመት በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህን ያህል ልዩነት አልተገኘም። አራት ዓመት በጽሑፍ ላይ አጭር ነው፤ በአንድ ጎኑ ብቻ ለሚተኛ ሰው ግን እንዴት ያለ ዘመን ነው!

የሆነ ሆኖ ስድስት ሳምንት ልጠብቅ ተስማማሁ። ስንለያይ አጥብቀው አስጠነቀቁኝ፤ ሽንት ቢታገድ ወይም መቀመጫዬ አካባቢ ቢደነዝዝ እኩለ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት እንድመጣ፥ እግሬ እየሰነፈ ቢሄድም እንዳልዘገይ።

በአራተኛው ሳምንት ሕመሙ ቀለለኝ፤ እኔም ዳንሁ ብዬ ደስ አለኝ። አንድ ማታ ከጓዳ ስወጣ እናቴ «ልጄ፥ አንዱን ጫማህን የት ጣልከው?» አለችኝ። ዞሬ ብመለከት ነጠላ ጫማዬ ከበሩ ሥር ቀርቷል፤ ሲወልቅ ከቶ አልታወቀኝም። አውራ ጣቴን ወደ ላይ ላነሣ ብሞክር እምቢ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ተቀደድሁ። በጠባብ ቀዳዳ፥ በማጉያ መነጽር እየታየ፥ ነርቩን የተጫነው ቁራጭ ወጣልኝ። ስነቃ የእግሬ እሳት ጠፍቷል፤ ወገቤ ግን፥ እንደ ተባልሁት፥ ረጅም ሰዓት ስቀመጥ ዛሬም ይቆጠቁጠኛል። ጣቴ ለመነሣት አምስት ወር ፈጀ፤ እስካሁንም በቤት ውስጥ የማደርገው ተረከዙ የሚታሰር ጫማ ነው።