በ24 ሲካፈል

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ትርፍ ጊዜ ሲጻፍ ዘወትር የሚነሱት እግር ኳስ፣ ቴአትርና ንባብ ናቸው። የኔ ግን ለየት ይላል፤ የመኪና ሞዴል እገጣጥማለሁ። ይህን ያዩ የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ «የሃያ ዓመት ሕፃን» የሚል ስም አውጥተውልኛል። አልከፋኝም፤ ግን መልስ አለኝ።

መጫወቻ ተሠርቶ አልቆ ይመጣል። ይህ የሚመጣው ተበታትኖ ነው። ሣጥኑ ሲከፈት ክፍሎቹ እንደ ቅጠል በፕላስቲክ ዘንግ ላይ ተያይዘው ይገኛሉ፤ እያንዳንዱም ቁጥር አለው። በምላጭ ይቆረጣል፣ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያም ይጣበቃል። ማጣበቂያውም እንደ ጫማ ማስቲሽ እንዳይመስላችሁ፤ የፕላስቲኩን ገጽ በጥቂቱ አቅልጦ ሁለቱን አንድ አካል ያደርጋቸዋል። ስለዚህ አንዴ ከተጣበቀ መመለስ የለም። ችኩል ሰው ባይጀምረው ይሻለዋል።

አክስቴ ከጀርመን አገር የላከችልኝ የመጀመሪያው ሣጥን ቮልስ ነበር። ይህች መኪና እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በ2003 ሜክሲኮ ላይ ሥራዋ እስኪያበቃ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። የሞዴሉ ልክ 1 ለ24 ነው። እውነተኛው ቮልስ ርዝመቱ 4 ሜትር ከ7 ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ ለ24 ሲካፈል 17 ሴንቲሜትር ይመጣል። በማስመሪያ ለካሁት፤ ልክ ነው። ለምን 24 ሆነ ቢሉ፣ በእንግሊዞች መለኪያ አንድ ጫማ 12 ኢንች ነው፤ ለእያንዳንዱ ጫማ ግማሽ ኢንች ሲሰጠው 24 ይሆናል። እንግዲህ «ስንት ሞዴል ቢደረደር የእውነተኛውን መኪና ያህል ይሞላል?» ብዬ ጓደኞቼን ጠየቅኋቸው። አብዛኞቹ «24!» አሉ። ወርዱም ቁመቱም በ24 ያንሳል እኮ! 24 ጊዜ 24 ጊዜ 24፣ ማለትም 13,824 ነው። ሕፃን ያሉኝ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ወረቀትና እርሳስ ፍለጋ ሄዱ።

አባቴ ቮልስ ነበረው። እኅቴ በጠና በታመመችበት ዓመት ሸጠው፤ ከዚያ ወዲህ የመኪና ነገር ሲነሳ ዝም ይላል። ለዕረፍት ስሄድ ሞዴሉን ይዤ ገባሁ። መነጽሩን አደረገና የኋላውን ኮፈን በጥፍሩ ከፍቶ፣ «ቺንጊያው የታል?» አለኝ። ቮልስ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በነፋስ እንጂ በውሃ አይደለም። ማራገቢያውን የሚያዞረው ያ ቺንጊያ ስለሆነ እሱ ከተበጠሰ መንገድ ላይ መቆም ነው። በጥቁር ክር ሠራሁለት። ያን ምሽት ስድስት ሰው ጭኖ ጣርማ በርን እንዴት እንደወጣ ሲያወራልን አመሸ። እኅቴ ስትሰማ ቆይታ፣ «አባዬ፣ ለኔ ብለህ ነው አይደል የሸጥከው?» አለችው።

«አርጅቶ ነበር እኮ» አለና ሞዴሉን እጇ ላይ አስቀመጠላት። አሁን ያለው እሷ ዘንድ ነው፤ መልሺ አላልኳትም።

ሁለተኛው ሣጥን አልጋዬ ሥር ነው፣ አልተከፈተም። ሣጥን ሳይከፍቱ የሚያከማቹ ሰዎች አሉ፤ ያልተከፈተ ዋጋው ይበልጣልና። አንድ ወዳጄ እንድሸጠው መክሮኛል፤ ብሩም ቢሆን አይጠላም። እኔ ግን ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ስለ ውድር የማስተምረው በዚሁ ነው። ልጆቹ በቡድን ይገጣጥሙታል። ከሽቦና ከቆርቆሮ የሠሯቸውን፣ ጎማቸው ቆርኪ የሆነ መኪኖችም ይዘው ይምጡ እላለሁ፤ የነሱስ ስንት ለስንት እንደሆነ ይለካ።

የቸገረኝ ማጣበቂያው ነው፤ አልቋል። በከተማችን የት እንደሚገኝ የምታውቁ ካላችሁ፣ ልምምዱ ሳይጀመር ንገሩኝ።