ኬላ የሌለው ድንበር

አንባቢ ሆይ፥ ከቤልፋስት ወደ ደብሊን በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፍረህ በመስኮቱ በኩል ብትቀመጥ፥ ከአንዱ መንግሥት ወደ ሌላው የምትሻገርበትን ቦታ ሳታውቀው ታልፋለህ። ቤልፋስት በብሪታንያ ዘውድ ሥር ያለችው የሰሜን አየርላንድ ዋና ከተማ ናት፤ ደብሊን ደግሞ የአየርላንድ ሪፑብሊክ። በመካከላቸው 500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ወሰን ተጋድሟል፤ ከ200 የሚበልጡ መንገዶችም ያቋርጡታል። ሆኖም ገመድ የተዘረጋበት ኬላ፥ «ውረዱ፥ ዕቃችሁን ፍቱ» የሚል ፈታሽ የለም። እኔ ኬላ በደረስን ቁጥር ሻንጣ ሳወርድ ያደግሁ ሰው ነኝና፥ ይህን በዓይኔ ለማየት ቸኵዬ ነበር።

ባለፈው ክረምት ለመምህራን በተዘጋጀ አጭር ትምህርት ምክንያት ቤልፋስት ሰንብቼ፥ አንድ ቅዳሜ ጧት ጕዞ ጀመርሁ። የአገሩ ዝናብ እንደኛ ሐምሌ በኃይል አይወርድም፤ ግን አያባራም። ግራና ቀኙ መስክ ነው፤ በጎቹም ዝናቡን ከቁም ነገር ሳይቈጥሩ ይግጣሉ። አንድ ሰዓት ያህል ተጕዘን ኒውሪ ከምትባለው ከተማ ስንደርስ፥ ሌላው መንገደኛ ወደ ደብሊን ሲቀጥል እኔ ወረድሁ። ምክንያቱን ኋላ እነግርሃለሁ።

የኒውሪን ማዘጋጃ ቤት ያየ ሰው ሳይሥቅ አያልፍም። ከተማዋን የሚከፍላት ወንዝ የሁለት አውራጃዎች ወሰን ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ከየትኛው ዳር ይሠራ በሚል ክርክር ተነሥቶ፥ በመጨረሻ በወንዙ ላይ ድልድይ ተጥሎ ሕንፃው ከድልድዩ ላይ ቆመ ይባላል። በ1893 ተሠርቶ (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) እስከ ዛሬ አንድ እግሩን ከዚህ፥ አንድ እግሩን ከዚያ አድርጎ አለ።

የሚቀጥለው ግን አያሥቅም። በዚህች ከተማ የጉምሩክ ጣቢያ ነበረ። በ1972 ቦምብ ፈነዳበትና 9 ሰዎች ሞቱ፤ ቦምቡን ያመጡትም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። አንዱ ወገን ከብሪታንያ ጋር እንቆይ፥ ሌላው ከአየርላንድ ጋር እንቀላቀል እያለ በተጣላበት በዚያ የ30 ዓመት መከራ ከ3,500 የማያንስ ሰው አልቋል። በኒውሪ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይም የወታደር መጠበቂያ ማማዎች ተተክለው ነበር። ሁለቱ አገሮች በ1973 የኤውሮጳን ማኅበር አብረው ገቡ፤ በ1993 የጋራው ገበያ ሲጸና የጉምሩክ ኬላዎቹ ተነሡ፤ በ1998 በስቅለት ዓርብ የሰላም ስምምነት ተደረሰ፥ ከዚያ በኋላ ማማዎቹም ፈረሱ። ኬላው የጠፋው እንዲህ ነው፤ በአንድ ቀን አልጠፋም።

ከዚያ ጁን 23 ቀን 2016 መጣ። የብሪታንያ ሕዝብ ከኤውሮጳ ኅብረት እንውጣ ወይስ እንቆይ ተብሎ ተጠየቀ፤ ከመቶ 51.9 እጁ እንውጣ አለ። ሕጋችንን ራሳችን እናውጣ፥ በራችንን ራሳችን እንጠብቅ ነው የብዙዎቹ ሐሳብ። እኔ በበኩሌ ይህን ምኞት አልንቀውም፤ ነፃነቱን የሚወድ አገር ልጅ ነኝ። ነገር ግን በራችንን እንጠብቅ ያለ ሰው በሩ የት እንደሆነ ማወቅ አለበት፤ ከበሮቹም አንዱ ይህ በጎች የሚግጡበት መስክ ነበር። ሰሜን አየርላንድ ከመቶ 55.8 በሆነ ድምፅ እንቆይ ብላ ነበር፤ ዳሩ ግን ድምፁ የሚቈጠረው ከመላው አገር ጋር ነው።

ችግሩ እንዲህ ነው። አንዱ ከጋራው ገበያ ከወጣ፥ ዕቃው አንድ ቦታ ላይ መታየት አለበት። በዚህ መንገድ ላይ ኬላ ቢተከል የ1972ቱን የሚያስታውስ ሁሉ ይደነግጣል፤ ደግሞም ከሰሜኑ ወተት አንድ ሦስተኛው ያህል ለፋብሪካ ወደ ደቡብ የሚሻገር ነው። ባይተከል ገበያው በር አልባ ሆነ። ሚስተር ካሜሮን በውጤቱ ማግሥት ሥራቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ፤ የሚስስ ሜይ ውል በፓርላማ 3 ጊዜ ወደቀ፤ በሚስተር ጆንሰን ጊዜ፥ ጃንዋሪ 31 ቀን 2020፥ ብሪታንያ ወጣች። ኬላውም ወደ ባሕር ተዛወረ፤ ከብሪታንያ ደሴት የሚመጣው ዕቃ በቤልፋስትና በላርን ወደቦች እንዲታይ ተደረገ። አሁን ደግሞ ከብሪታንያ ጋር እንቆይ የሚለው ወገን «በገዛ አገራችን መካከል ኬላ ተተከለብን» ብሎ አኰረፈ፤ በዚህም ሳቢያ የሰሜን አየርላንድ መንግሥት ከ2022 እስከ 2024 መጀመሪያ ድረስ ሳይቋቋም ቆየ። በ2023 በዊንድዘር በተደረገው ስምምነት ነገሩ ጥቂት ላላ። ኒውሪ ከአንድ ሱቅ ገብቼ ከእንግሊዝ የመጣ አይብ ባነሣ፥ መጠቅለያው ላይ «ለኤውሮጳ ኅብረት አይደለም» የሚል ጽሑፍ አነበብሁ። ስፈልገው የዋልሁት ኬላ አይብ ላይ ተለጥፎ ኖሯል!

ከሱቁ ወጥቼ አንድ ሽማግሌ ባለ ታክሲ ወደ ወሰኑ እንዲወስዱኝ ለመንኋቸው። በአሮጌው መንገድ ጥቂት ከሄድን በኋላ ቆሙና «ደረስን» አሉኝ።

«የታለ?» አልኋቸው።

«መንገዱን እይ፥ ልጄ። የዚህኛው ዳር መስመር ነጭ ነው፤ የዚያኛው ቢጫ። ምልክቱም እዚህ በማይል፥ እዚያ በኪሎ ሜትር ነው።» በጐልማሳነታቸው እዚህ ተሰልፈው የመኪናቸውን የኋላ ክዳን ለወታደር ሲከፍቱ የዋሉበትን ቀን ነገሩኝ። አሁን የልጅ ልጆቻቸው ማዶ ናቸው፤ እሑድ እሑድ ይሄዳሉ።

ቃል የገባሁልህ ምክንያት ይህ ነው። የብሪታንያና የአየርላንድ ዜጎች በሁለቱ አገሮች መካከል ያለ ቪዛ ይመላለሳሉ፤ ይህ ልማድ ከኅብረቱም የቀደመ ስለሆነ መውጣቱ አልነካውም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን ለሁለቱም ለየብቻ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ በእጄ ያለው የብሪታንያው ብቻ ነበር። አንዳንድ ጊዜ የደቡብ ፖሊሶች አውቶቡሱን አስቁመው ይጠይቃሉ። ለሽማግሌው የማይታየው ድንበር በእኔ ኪስ ውስጥ ነበር።

«ነዳጅ ማዶ ልቅዳ፤ እዚህ ጠብቀኝ» አሉና ሄዱ። ጃንጥላዬን ዘርግቼ ነጩ መስመር ከሚያልቅበት ቆምሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ተመለሱ፤ ለእኔም ከማደያው አንድ ቸኮላታ ገዝተው ነበር፤ ደረሰኙ በዩሮ ነው።