ስንቅ የሌለው ሂሳብ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በገባሁ በሦስተኛው ቀን የአክስቴ ልጅ ማኪያቶ ልትጋብዘኝ ይዛኝ ወጣች። ተራችን ደርሶ ከማዘዛችን በፊት ስልኳን አውጥታ ዓይኗን ተክላ ቆየች። መልእክት የመጣባት መስሎኝ ዝም አልኩ።

«ሂሳቤን ነው የማየው ጋሼ» አለችኝ። «እዚህ አገር መጀመሪያ ሂሳብ ይታያል፤ ቡናው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የ6 ዶላር ማኪያቶ በ41 ዶላር ጠጥቼ አውቃለሁ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

የአክስቴ ልጅ በአዘቦት ቀን ዋሽንግተን ውስጥ ፓርኪንግ ትሠራለች። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አንዲት አሮጊት ቤታቸው ድረስ ሄዳ ትንከባከባለች። ገንዘብ አታባክንም። ነገሩ የደረሰባት አገሩን ገና ሳትለምድ፣ ወሩ በባተ ዕለት ነበር። ሂሳቧ ላይ 800 ዶላር ነበራት። ጠዋት በ6 ዶላር ማኪያቶ ጠጣች፤ መድኃኒት በ12፣ አስቤዛ በ18፣ ማታ ደግሞ ቤንዚን በ25 ዶላር ገዛች። የ790 ዶላሩ የቤት ኪራይ ቼክም በዚያው ቀን ባንክ ገባ።

በየተራቸው ቢቆጠሩ ኖሮ ትንንሾቹ አራቱ 61 ዶላር ወስደው ጉድለት የሚገጥመው ኪራዩን ብቻ ነበር፤ አንድ ጉድለት፣ አንድ የ35 ዶላር ቅጣት። ባንኩ ግን ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ከትልቁ ጀመረ። መጀመሪያ ኪራዩን አነሳ፤ 10 ዶላር ቀረ። ቀጥሎ ቤንዚኑ፣ አስቤዛው፣ መድኃኒቱና ማኪያቶው አንድ በአንድ ባዶ ሂሳብ ላይ ወደቁ። እያንዳንዳቸው 35 ዶላር፣ በጠቅላላው 140። በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢሰላ የጎደለው ገንዘብ ያው 51 ዶላር ነው። የተለወጠው የወረፋው አሰላለፍ ብቻ ነው።

በማግስቱ ቅርንጫፉ ሄዳ ለመነች። ከአራቱ አንዱን «በመልካም ፈቃድ» መለሱላት። ፈርመሻል ተባለች፤ እውነትም ፈርማለች። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ባንክ በካርድ ግዢና በኤቲኤም ላይ ይህን ቅጣት ለመጣል የደንበኛውን ፈቃድ አስቀድሞ መቀበል አለበት። ፈቃዱ ግን የሚጠየቀው «የጉድለት ጥበቃ» በሚል ስም ነው። በባዕድ አገር፣ በባዕድ ቋንቋ፣ ጥበቃ ሲሰጡት አልፈልግም የሚል ማን ነው?

ማታ ሳሰላስለው የገረመኝ ቃሉ ነበር። ኦቨርድራፍት ይሉታል። አዲስ አበባም ኦቨርድራፍት አለ፤ እኛ ዘንድ ግን የነጋዴ ማዕረግ ነው። ዋስትና ያስያዘ፣ ባንኩ የሚያውቀው ሰው ከሂሳቡ በላይ እንዲያወጣ የሚፈቀድለት ብድር ነው፤ የሚከፍለውም ወለድ ነው። ተራው ሰው ከሌለው ላይ ላውጣ ቢል ማሽኑ እምቢ ይለዋል፤ በዚያው ያበቃል። አሜሪካ ቃሉን ገልብጣዋለች። እዚህ በኦቨርድራፍት ብዙ የሚከፍለው ገንዘብ ያጠረው ሰው ነው። ለ6 ዶላር ማኪያቶ የተከፈለው 35 ዶላር የዋጋውን ስድስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ እንዲህ ያለ ወለድ አራጣ አበዳሪም አፍሮ አይጠይቅም።

ቅዳሜ ፖቶማክ የተባለ ሰፈር ወደሚኖር የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ሄድኩ። የሁለት ነዳጅ ማደያ ባለቤት ነው። ስለ ባንክ ክፍያ ስጠይቀው ግራ ተጋባ። «የምን ክፍያ?» አለኝ። የአክስቴ ልጅ ሂሳቧ ከ1,500 ዶላር በታች በወረደ ቁጥር በወር 12 ዶላር ይቆረጥባታል። እሱ ያ መስመር መኖሩንም ረስቶታል። በሌላ ባንክ ኤቲኤም ቢጠቀም የተቆረጠበት ይመለስለታል። ቼክ በነፃ ይታተምለታል፤ ገንዘብ ሲያስተላልፍም አይከፍልም። አንድ ጊዜ ሂሳቡ ሊጎድል ሲል ባንኩ ራሱ ከቁጠባው ስቦ ሞላለትና በስልክ አሳወቀው። የደዋዩን ስም ያውቃል፤ ደዋዩም የልጆቹን ዕድሜ ሳይቀር ይጠይቀዋል።

ክፉ ሰው አይደለም ጓደኛዬ። የእሱ ነፃ አገልግሎት ከየት እንደሚመጣ አስቦ አያውቅም፤ ያ ብቻ ነው። የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ የተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከመቶ ሂሳቦች ዘጠኙ ከጉድለት ቅጣት 80 በመቶ የሚጠጋውን ይከፍሉ ነበር። በ2019 ብቻ ባንኮቹ ከጉድለት ቅጣት የሰበሰቡት ከ15 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ድግሱን የሚያዋጡት ደጅ የቆሙት ናቸው።

አገሩ ዝም ብሎ አላየም። በ2010 አንድ የካሊፎርኒያ ፌዴራል ዳኛ፣ ዌልስ ፋርጎ ከትልቁ እየጀመረ የቆረጠውን ወደ 203 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞቹ እንዲመልስ ፈረዱ። በ2022 ካፒታል ዋን ቅጣቱን ጨርሶ አስቀረ፤ ባንክ ኦፍ አሜሪካም ከ35 ወደ 10 ዶላር አወረደው። በታኅሣሥ 2024 ቢሮው ትልልቆቹ ባንኮች ከ5 ዶላር በላይ ለመጠየቅ ወይ ወጪያቸውን እንዲያሳዩ ወይ ጉድለቱን እንደ ብድር እንዲቆጥሩት የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። ደንቡ ሥራ ላይ ሳይውል ኮንግረስ ሻረው፤ በግንቦት 2025 ፕሬዚዳንቱ ፈረሙበት። የአክስቴ ልጅ ዜናውን የሰማችው ፓርኪንጉ ውስጥ፣ ከሬዲዮ ነበር። «35ቱ ተመለሰ» አለችኝ በአጭሩ። እሷ ባንክ ግን 35ቱ ቀድሞም የትም አልሄደም ነበር።

እሁድ እቁቧ ላይ አብሬያት ዋልኩ። ሃያ ሰው፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ዳኛ፣ ቡናና ፈንዲሻ። ዕጣው የወጣለት ታክሲ ነጂ ገንዘቡን ለመቀበል እጁን እንደዘረጋ፣ ጥግ የተቀመጠች ሴት አገር ቤት እናቷ እንደታመሙባት ተናገረች። ሰውየው ደብተሩን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፤ ከዚያ «ትውሰደው» አለ። ዳኛው ስሟን ጻፈ። ባንኩም ደብተር አለው፤ ተራ ያዛውራል። ልዩነቱ ለማን ብሎ እንደሚያዛውር ነው።

በመጨረሻው ቀን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘችኝ። ሌሊት ቆልታ ያደረችውን ዳቦ ቆሎ በፌስታል አስያዘችኝ፤ «ስንቅ ነው ጋሼ፣ መንገዱ ረጅም ነው» ብላ። የአገራችን ሕግ ገንዘብ የሌለበት ቼክ የሚጽፍን ሰው ያለ በቂ ስንቅ ጻፈ ይለዋል። ሂሳብን እንደ መንገደኛ፣ ገንዘብን እንደ ስንቅ ያየ ያ ቃል ትዝ አለኝ። በእኛ አገር ስንቁ ያለቀበት መንገደኛ ሲገኝ ያለው ያካፍለዋል እንጂ በኮሮጆው ቅለት ቀረጥ አይጥልበትም።

አጥፌ የያዝኩትን 100 ዶላር መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ። «ተው ጋሼ» እያለች ተግደረደረች፤ በኋላ ተቀበለችኝ። ወደ ቦርሳዋ ስትከት ግን አንድ ነገር አለችኝ፦

«ባንክ አላስገባውም። እሁድ እቁብ አለብኝ።»