አነስተኛ የምርምር መተግበሪያን በሰርቨር አልባ ክላስተር ላይ ማኖር

የድኅረ ምረቃ ጥናት ፍሬ ሁልጊዜ ወረቀት ብቻ አይደለም። በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ድምፅ የሚጋሩትን «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ወደ ወጥ አጻጻፍ የሚመልስ መሣሪያ የሠራን ተማሪ ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ተማሪው ጽሑፍ የሚገባበትና የታረመው የሚነበብበት ገጽ ያበጃል፤ አድራሻውንም በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ ያሰፍራል። መሣሪያው የሚሠራው በተማሪው ላፕቶፕ ወይም በቤተ ሙከራ ጥግ በተቀመጠ አንድ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ግን፣ መብራት ሲጠፋ ወይም ባለቤቱ ተመርቆ ሲሄድ አድራሻው መልስ መስጠት ያቆማል። ጥናቱ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል፤ ውጤቱን ራሱ ሞክሮ ለማየት የሚሻ ተመራማሪ ግን በሩን ተዘግቶ ያገኘዋል።

ለዚህ ችግር ከሚቀርቡት መፍትሔዎች አንዱ መተግበሪያውን በኮንቴይነር ጠቅልሎ በሰርቨር አልባ ክላስተር ላይ ማኖር ነው። መንገዱ የተጠረገው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ዶከር እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ሆነ፤ በ2014 ጉግል ኩበርኔቲስን አስተዋወቀ፤ አማዞን በ2017 ፋርጌትን፣ ጉግል ደግሞ በ2019 ክላውድ ረንን አቀረቡ። «ሰርቨር አልባ» የሚለው ስያሜ ቃል በቃል ሊወሰድ አይገባውም። ሰርቨሩ አለ፤ ስርዓተ ክወናውን ማደስ፣ የተበላሸ ዲስክ መቀየርና ማሽኑን መጠበቅ ግን የአገልግሎት ሰጪው ድርሻ ይሆናል።

የሥራው ቅደም ተከተል አጭር ነው። በፋርጌት ቢታይ፣ ተማሪው በመጀመሪያ ዶከርፋይል በሚባል ጽሑፍ መተግበሪያው የሚፈልገውን ሁሉ ይዘረዝራል፤ ከዚህ ዝርዝር ኢሜጅ ይገነባል፤ ኢሜጁንም ወደ ማከማቻ መዝገብ ይልካል። ቀጥሎ የትኛው ኢሜጅ፣ በምን ያህል ሲፒዩና ሜሞሪ፣ በየትኛው ፖርት እንደሚሠራ የሚገልጽ የታስክ ፍቺ ያዘጋጃል። ለእንዲህ ያለ መሣሪያ ዝቅተኛው መጠን፣ ማለትም 0.25 ቨርቹዋል ሲፒዩና 512 ሜጋባይት ሜሞሪ፣ በአብዛኛው ይበቃል። በመጨረሻም በክላስተሩ ውስጥ ሰርቪስ ያቋቁማል፤ ሰርቪሱም ታስኩ በቆመ ቁጥር ሌላ ይተካል።

በላፕቶፕ ላይ ያለ እንከን የሚሠራ መተግበሪያ በክላስተሩ ላይ አልነሳ የሚልባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። መተግበሪያው በ127.0.0.1 ላይ ብቻ የሚያዳምጥ ከሆነ ከኮንቴይነሩ ውጭ የሚመጣ ጥያቄ አይደርሰውም፤ በ0.0.0.0 ላይ ማዳመጥ ይኖርበታል። ኢሜጁ አርም ፕሮሰሰር ባለው ኮምፒውተር ተገንብቶ ታስኩ ለኤክስ86 ከተመደበ ከነጭራሹ አይነሳም። በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ይጨመራል፤ መሣሪያው የታረመውን ጽሑፍ በፒዲኤፍ የሚያወጣ ከሆነ፣ የግእዝ ፊደል ያልተጫነበት ቀጭን መነሻ ኢሜጅ በፊደላቱ ፈንታ ባዶ ሳጥኖችን ይደረድራል። በላፕቶፑ ላይ ፊደሉ ቀድሞ ስለነበረ የሚያስፈልግ መሆኑን ያስታወሰ አልነበረም። እነዚህ እንከኖች ሁሉ የሚመነጩት ሳይጻፉ ከቀሩ ታሳቢዎች ነው። ዶከርፋይል ታሳቢዎቹ አንድ በአንድ እንዲጻፉ ስለሚያስገድድ ከጥናቱ የአሠራር ዘዴ ምዕራፍ ጋር ይዛመዳል።

ከሁሉ የሚከብደው የመረጃው ጉዳይ ነው። መሣሪያው «ይህ እርማት ትክክል አይደለም» የሚሉ የተጠቃሚዎችን አስተያየቶች ይሰበስባል እንበል። አስተያየቶቹ በኮንቴይነሩ ውስጥ ባለ ፋይል ላይ ቢጻፉ በሙከራው ጊዜ ሁሉም ደኅና ይመስላል። የፋርጌት ታስክ ይዞት የሚነሳው ዲስክ ግን ጊዜያዊ ነው፤ ታስኩ ሲቆም አብሮ ይጠፋል። አዲስ ኢሜጅ ሥራ ላይ ሲውል ወይም አገልግሎት ሰጪው ከሥር ያለውን ማሽን ሲያድስ አሮጌው ታስክ ይቆማል፤ ሰርቪሱ አዲስ ያስነሳል፤ ገጹም እንደ ወትሮው ይከፈታል። የቋንቋው ተናጋሪዎች ለወራት የሰጡት እርማት አንድም የስህተት መልእክት ሳይታይ ይሄዳል። ስለዚህ አስተያየቶቹ ከኮንቴይነሩ ውጭ፣ በዳታቤዝ ወይም እንደ ኤስ3 ባለ ማከማቻ፣ መቀመጥ አለባቸው። ተመራማሪው አስቀድሞ ሊለየው የሚገባው ነገር ከሥራው ውስጥ ዳግም ሊሠራ የሚችለው የቱ፣ የማይተካውስ የቱ እንደሆነ ነው። ፕሮግራሙ ከምንጭ ኮዱ ዳግም ይገነባል፤ ሰዎች ጊዜያቸውን ሰውተው የሰጡት እርማት ግን እንደገና አይገኝም።

ለኢሜጁ ስምም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሌተስት» የሚለው ታግ ዛሬ የሚያመለክተውን ኢሜጅ ነገ ላያመለክት ይችላል። በጥናቱ የተዘገበው ውጤት ከየትኛው ኢሜጅ እንደተገኘ ለማረጋገጥ የሚያስችለው ከይዘቱ በሻ-256 የሚሰላው መለያ ነው፤ ይዘቱ በጥቂቱ እንኳ ቢለወጥ መለያውም ይለወጣል። ይህን መለያ በመመረቂያ ጽሑፉ ማስፈር ከአንድ መስመር አያልፍም።

የወጪው ነገር ደግሞ የአገልግሎቱን ምርጫ ይወስናል። ፋርጌት ታስኩ እስከሠራ ድረስ ጎብኚ ቢኖርም ባይኖርም ያስከፍላል፤ ከፊቱ የሚቆመው ሎድ ባላንሰር ወጪም ከትንሽ ታስክ ወጪ ሊበልጥ ይችላል። ክላውድ ረን በነባሪ አሠራሩ ጎብኚ ሲጠፋ የሚሠሩትን ኮንቴይነሮች ቁጥር እስከ ዜሮ ያወርዳል፤ በአንጻሩ ቀድሞ የመጣው ጎብኚ ኮንቴይነሩ እስኪነሳ ጥቂት ይጠብቃል። በሳምንት ጥቂት ሰው ለሚጎበኘው የምርምር መሣሪያ ይህ መጠበቅ የሚቻል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ተማሪ ሂሳቡ በውጭ ምንዛሬ የሚከፈል መሆኑ ሌላ ክብደት ይጨምራል። የክፍያ ካርዱ የተማሪው የግሉ ከሆነ መሣሪያው ከባለቤቱ ጋር ይመረቃል፤ ላፕቶፑ ላይ ከነበረበት ዕጣም አልራቀም።

ሰርቨሩን የመጠበቅ ሸክም ወደ አገልግሎት ሰጪው ሲዞር፣ ጥናቱን የመጠበቅ ኃላፊነት በተመራማሪውና በትምህርት ክፍሉ ላይ እንዳለ ይቀራል። በመሆኑም መተግበሪያው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የማይተካው መረጃ የሚቀመጥበት ቦታ፣ የኢሜጁ መለያ፣ እንዲሁም ከምረቃ በኋላ ሂሳቡን የሚከፍለውና አካውንቱን የሚረከበው አካል በጽሑፍ ቢሰፍሩ፣ ከዓመታት በኋላ አድራሻውን የሚከፍተው አንባቢ መሣሪያውን በቦታው የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል።